ጉልላቱ ከገላው የሚገናኝበት

የጋዝ ሲሊንደር ቤት ውስጥ የሚታወሰው ሲያልቅ ነው። ከምድጃው ጎን ይወጣል፣ ባጃጅ ላይ ይጫናል፣ በምትኩ ሌላ ይመጣል። ቀለሙ የተላላጠ፣ ትከሻው የተፋፋቀ ዕቃ ስለሆነ ቆሞ የሚያየው የለም። እኔ ግን በየቤታችን ካለው የብረት ሥራ ሁሉ በቅርብ ሊታይ የሚገባው የትኛው ነው ብባል ሳላመነታ እሱን እጠራለሁ። ከእሱም አንዲት ቦታ እመርጣለሁ፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳ ወደ ጉልላት መዞር የሚጀምርባትን መታጠፊያ።

የቀን ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ አቁሙትና ቀለሙ ላይ የሚያርፈውን የብርሃን መስመር ተከተሉት። ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሳይሰበርና ሳይዛነፍ እየጠበበ ወደ ጉልላቱ አናት ይተኛል። ከዚያ በጣት ጫፍ ዳስሱት። በጥንቃቄ የተሠራ ሲሊንደር ላይ ብረቱ መታጠፍ የጀመረበትን ትክክለኛ ቦታ ጣት አያገኘውም። ኩርባው እንዲህ የለሰለሰው ውስጥ ያለው ግፊት ምሕረት ስለማያውቅ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የሲሊንደሩ ወርድ 300 ሚሊሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 3 ሚሊሜትር ነው እንበል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ጋዝ ፕሮፔን ከሆነ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 8 ባር ያህል፣ ቡቴን ከሆነ 2 ባር ያህል ግፊት አለው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይጨምራል። በአውሮፓ ለፕሮፔን የሚሠራ ሲሊንደር ከፋብሪካ ሳይወጣ በ30 ባር ይፈተሻል። 30 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 30 ኪሎ ያህል መጫን ነው። በዚህ ግፊት ግድግዳው ዙሪያውን በ150 ሜጋ ፓስካል ይወጠራል። ከላይ ወደ ታች ግን ውጥረቱ 75 ብቻ ነው። ሁለት ጫፉ የተዘጋ ቀጭን ቱቦ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የዙሪያው ውጥረት የቁመቱ እጥፍ ይሆናል።

ይህን ይዘን ብየዳውን እንመልከት። ገላውን አንድ የሚያደርገው ብየዳ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ወገቡን ይዞራል። ሲሊንደሩ ሁለት ጥልቅ የብረት ኩባያዎች አፍ ለአፍ ገጥመው የሆኑት ነውና ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስፌት የለውም። የወገቡ ብየዳ የሚሸከመው የቁመቱን ውጥረት፣ 75ቱን ነው። ስፌቱ በቁመት ቢወርድ ኖሮ 150ውን ይሸከም ነበር። ንድፍ አውጪው ሊደክም የሚችለውን ነገር ግማሽ ጭነት ወዳለበት አቅጣጫ አዞረው። አገጣጠሙም የታሰበበት ነው፤ የአንደኛው ኩባያ ከንፈር በብረቱ ውፍረት ልክ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ የሌላኛው ከንፈር ይጋልብበታል፣ ውስጥ የገባው ለቀለጠው ብረት መደገፊያ ይሆናል። በያጁ ከውስጥ ገብቶ ሊያስተካክለው የማይችለውን ቦታ ቅርጹ ራሱ ጠበቀለት።

ስፌት ክብን ሲያበላሽ ምን እንደሚያደርስ ሰው በደም ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በማርች 1905 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ብሮክተን ከተማ፣ የግሮቨር ጫማ ፋብሪካ የእንፋሎት ማሞቂያ ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን ብዙ ማሞቂያዎች የላሜራቸው ጫፎች ተደራርበው በሪቬት የተሰፉ ነበሩ። በተደራራቢ ስፌት የተዘጋ ገላ በእውነት ክብ አይደለም። ግፊት በመጣ ቁጥር ሊቃና ይታገላል፣ ግፊቱ ሲወርድ ይመለሳል፤ ስፌቱ ሥር ያለው ብረት ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ከዓይን በተሰወረው ቦታ ስንጥቅ ያበቅላል። ማሳቹሴትስ ከዚያ በኋላ የማሞቂያ ሕግ አወጣች። የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም የመጀመሪያውን የማሞቂያ ደንብ፣ የ1914ቱን እትም፣ አዘጋጀ። ዛሬ በብዙ አገር የግፊት ዕቃ የሚሠራው ከዚያ በወረደው ደንብ ነው።

ወደ መታጠፊያው እንመለስ። ጉልላቱ ከፍታው የወርዱ ሩብ፣ ማለትም 75 ሚሊሜትር ነው እንበል። ግማሽ ሉል ቢሆን ኖሮ 150 ይደርስ ነበር፤ ነገር ግን ግማሽ ሉል ለፕሬስ ከባድ ነው፣ ቁመትም ይበላል። ስለዚህ ጠፍጠፍ ተደረገ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። ግድግዳው ለብቻው ቢሆን በ30 ባር ወደ ውጭ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ያብጣል። የጉልላቱ ጠርዝ ለብቻው ቢሆን ወደ ውስጥ 0.13 ሚሊሜትር ያህል ይሰበሰባል። ያው ግፊት፣ ያው ክብ፣ ሁለት ተቃራኒ ፈቃድ።

ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ነገር እንዴት ብረትን ወደ ውስጥ ይሰበስባል? ግፊት ጠፍጠፍ ያለውን ጉልላት ሉል ሊያደርገው ይታገላል። አናቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ አናቱ ሲነሳ ጠርዙን ወደ መሃል ይስበዋል። ጠርዙ ያለበት ክብ ይጠብባል፣ ብረቱ ግን መጠኑ ያው ነው። የሚሄድበት አጥቶ ዙሪያውን ይጨመቃል። ለዚህ ቅርጽ ስሌቱ ሲሠራ ጠርዙ ላይ የሚመጣው ጭመቃ 150 ሜጋ ፓስካል ነው፤ ግድግዳው የተወጠረበት ቁጥር ምልክቱ ብቻ ተገልብጦ። የጉልላቱ ግማሽ ወርድ ከከፍታው 1.41 እጥፍ ካልበለጠ ጭመቃ የሚባል ነገር አይኖርም። ከዚያ አልፎ በጠፈጠፈ ቁጥር ይብሳል። እዚህ የያዝነው 2 እጥፍ ነው።

ሁለቱን የሚያስታርቀው ብረቱ ራሱ ነው። መጋጠሚያው ላይ ጥቂት ይታጠፋል፣ አንዱ ካሰበው ያነሰ ያብጣል፣ ሌላውም ካሰበው ያነሰ ይሰበሰባል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ግርግር ርቆ አለመሄዱ ነው። የግማሽ ወርዱና የውፍረቱ ብዜት፣ ማለትም የ150 እና የ3፣ ስኩዌር ሩት 21 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በ2.4 ሲባዛ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይመጣል። ሦስት ጣት ማለት ነው። ከሦስት ጣት በኋላ ግድግዳው መታጠፊያ መኖሩን ረስቶ እንደ ተራ ቱቦ ይኖራል። የወገቡ ብየዳ ከዚህ ክልል ርቆ የተቀመጠው በአጋጣሚ አይደለም።

የቤት ሲሊንደር ወርዱ ከውፍረቱ 100 እጥፍ ብቻ ስለሆነ ጭመቃውን ይችለዋል። ወርዱ ከውፍረቱ 500 ወይም 1,000 እጥፍ የሚሆን ትልቅ ታንክ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀሚስ ወገቡ ላይ በክር ሲሰበሰብ ጨርቁ ይሸነሸናል፤ ጨርቁ ሳያንስ ክቡ ጠቧልና። ቀጭን ጉልላትም መታጠፊያው ላይ በዚያው መንገድ ይሸነሸናል። ሽንሽኖቹ ከላይ ወደ ታች ይቆማሉ። በሙከራ እንደታየው ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ አንዱ ድንገት ይሰረጉዳል፣ ግፊቱ ጥቂት ሲጨምር ዙሪያው ላይ ሌላ ቦታ ሌላው ይከተላል። ዕቃው ወዲያው ላይፈነዳ ይችላል፤ ሽንሽኑ ብየዳ ላይ ካረፈ ግን ስንጥቅ ይወልዳል።

ይህን ጠንከር አድርጎ ለሙያው የነገረው ጄራርድ ጋሌትሊ የተባለ መሐንዲስ ነው። በ1950ዎቹ አንድ ግዙፍ የነዳጅ ማጣሪያ ዕቃ በውሃ ሲፈተሽ ተበላሽቶ ነበር። ጋሌትሊ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ጥናት ለንድፍ አውጪዎች ማስጠንቀቂያ መሆኑን ርዕሱ ላይ ይናገራል። በጊዜው የጉልላት ውፍረት የሚወሰነው በአንድ ቀላል ቀመር ነበር። ቀመሩ ለወፍራም ጉልላት ደህና ነበር። ለቀጭኑ ግን ብረቱ ገና ፍተሻ ላይ ሳለ ከአቅሙ በላይ እንዲለጠጥ የሚያደርግ ውፍረት ይሰጥ ነበር። ጋሌትሊ ይህን ያሳየው የቀጫጭን ጎባጣ ግድግዳዎችን ስሌት እስከ መታጠፊያው ድረስ ወስዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ዳንኤል ድራከርና ሪቻርድ ሺልድ ለቀጫጭን ጉልላቶች ብረቱ የሚሸነፍበትን ግፊት የሚሰጥ አጭር ቀመር አቀረቡ። ከጀርባው ያለው ሒሳብ ረጅምና አድካሚ ነው፤ ለሠሪው የሰጡት ግን በስላይድ ሩል፣ በእጅ በሚንሸራተት የስሌት ማስመሪያ፣ የሚሠራ አንድ መስመር ነበር። እኔ እንዲህ ያለውን ቀመር ከብየዳ ሥራ ለይቼ አላየውም። ያው የእጅ ጥበብ ነው።

የአሜሪካው ደንብ ዛሬ የመታጠፊያው ራዲየስ ከጉልላቱ የውጭ ወርድ 6 በመቶ፣ ከውፍረቱም 3 እጥፍ እንዳያንስ ያዛል። በጣም ለቀጠኑት ጉልላቶች ተጨማሪ ስሌት ይጠይቃል። ጀርመኖች ደግሞ ሁለት የታወቁ ቅርጾች አሏቸው፤ ክሎፐር የሚባለው መታጠፊያው የወርዱ 10 በመቶ ነው፣ ኮርብቦገን የሚባለው 15.4 በመቶ። 2 ሜትር ወርድ ባለው ታንክ ላይ የመጀመሪያው 200፣ ሁለተኛው 308 ሚሊሜትር ራዲየስ ይኖረዋል። ምርጫው ለእኔ ቢሰጥ ቁመት እስካልቸገረኝ ድረስ ሁልጊዜ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ብረት ትንሽ ይበልጥ ይፈጃል፤ ጭመቃው ግን ብዙ ይቀላል።

አሁን ወደ ሠሪዎቹ። የቤት ሲሊንደር የሚጀምረው ክብ ሆኖ ከተቆረጠ ላሜራ ነው። ፕሬሱ ላሜራውን በቀለበት ቀዳዳ ውስጥ ወደ ታች ይገፋዋል፣ ላሜራው ኩባያ ይሆናል። ኩባያ ሲሆን ሰፊው ጠርዝ ወደ ጠባብ ክብ መግባት አለበትና እዚህም ብረቱ ዙሪያውን ይጨመቃል፣ እዚህም መሸብሸብ ይፈልጋል። ስለዚህ ሌላ ቀለበት ከላይ ይጫነዋል። የጫነው ቀለበት ቢላላ ጠርዙ ይሸበሸባል። ቢጠብቅ ብረቱ መንሸራተት አቅቶት መታጠፊያው አካባቢ ይቀደዳል። ቅባቱ፣ የቅርጽ ማውጫው ልስላሴ፣ የላሜራው ጥራት፣ ሁሉም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ ለማስፋት የሚደረጉ ናቸው። ዕቃው ሲወለድ የሚፈታተነውና ሥራ ላይ የሚጠብቀው አደጋ አንድ ዓይነት መሆኑን ሳስብ፣ ያለ አንዲት ሽብሽብ ከፕሬስ የወጣ ኩባያ የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈ ይመስለኛል።

ለትልልቅ ታንኮች እንዲህ ያለ ፕሬስ አይመችም። እዚያ ክብ ላሜራው መጀመሪያ በትንሽ በትንሹ እየተጫነ፣ ቦታው እየተቀየረ፣ ጎድጎድ ይደረጋል። ከዚያ ማሽን ላይ ተይዞ ይሽከረከራል። አንድ ሮለር ከውስጥ የመታጠፊያውን ራዲየስ ይዞ ይጠብቃል፣ ሌላው ከውጭ ጠርዙን ይገፋል። ሠራተኛው በአንድ ዙር ለመጨረስ ከቸኮለ ብረቱ ይዛነፋል፤ ዙር በዙር፣ ጥቂት በጥቂት ነው የሚታጠፈው። እየታጠፈ ሲሄድ መታጠፊያው ላይ ይሳሳል፤ በጣም ብርቱ ሊሆን የሚገባው ቦታ ላይ ማለት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ደንበኛ ስለዚህ የሚያዘው ላሜራው ሲገዛ ያለውን ውፍረት ሳይሆን ከታጠፈ በኋላ የሚቀረውን ትንሹን ውፍረት ነው። ሲረከብም መለኪያውን መታጠፊያው ላይ ዙሪያውን ያሳርፋል፤ አናቱ ላይ ለክቶ አይሄድም።

ሌላ ላሳያችሁ የምፈልገው ከመታጠፊያው በታች ያለውን ቀጥ ያለ ከንፈር ነው። ጉልላቱ ከዞረ በኋላ ጥቂት ሴንቲሜትር ያህል እንደ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ብየዳው መታጠፊያው ራሱ ላይ እንዳያርፍ ያርቀዋል፣ ሁለቱን ጠርዞች በትክክል ለመግጠምም ይመቻል። የጉልላቱና የግድግዳው ውፍረት ከተለያየ ወፍራሙ ጠርዝ በግራይንደር ይጠርባል፤ ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር ከሆነ ተዳፋቱ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ይረዝማል። ጥሩ ሠራተኛ ይህን ተዳፋት ከጠረበ በኋላ የግራይንደሩን ጭረት እንኳ ያለሰልሰዋል። ቀለም ሲቀባ ማንም አያየውም። እሱ ግን ያውቀዋል፣ ብረቱም ያውቀዋል።

ጉልላት ብቻም አይደለም። በቢራ ፋብሪካዎች ግቢ የሚታዩት ረጃጅም የመፍያ ታንኮች ታችኛው ጫፋቸው ሾጣጣ ነው፤ እርሾው እዚያ እንዲጠራቀም። ሾጣጣው ከቀጥተኛው ግድግዳ በሚገናኝበት ክብ ላይ ያው ታሪክ ይደገማል። ግማሽ ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ፣ ጎኑ ከቁመቱ መስመር 30 ዲግሪ የሚያዘነብል ሾጣጣ፣ መጋጠሚያው ላይ በ2 ባር ግፊት ወደ ውስጥ የሚስብ ኃይል ያመጣል። በዚያ ክብ ዙሪያ ያለው ብረት ከዚህ የተነሳ 130 ኪሎ ኒውተን ያህል፣ ማለትም የ13 ቶን ክብደት ያህል ይጨመቃል። ይህን የሚሸከመው ከላይም ከታችም ጥቂት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ቀበቶ ነው። የአሜሪካው ደንብ ዝንባሌው ከ30 ዲግሪ ካለፈ መጋጠሚያው እንዲሁ ስል ማዕዘን ሆኖ እንዳይበየድ፣ ወይ ለስላሳ መታጠፊያ እንዲኖረው ወይ ልዩ ስሌት እንዲሠራለት የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። በሚገባ የተሠራ የስቴንለስ ታንክ ካያችሁ ያንን ቦታ ፈልጉት፤ ሾጣጣው ከግድግዳው ላይ ተቆርጦ አይወርድም፣ ዞሮ ነው የሚወርደው።

በየሰፈሩ ላሜራ ቤት የአየር ታንክ ለጎሚስታና ለቀለም ቤት ይሠራል፤ ሙያቸውን የማደንቃቸው በያጆች አሉ። ግን ሁለቱ ጫፎቻቸው በጠፍጣፋ ላሜራ የተዘጉ ታንኮችም ይሸጣሉ። ወርዱ ግማሽ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነ ታንክ በ8 ባር ሲሞላ ግድግዳው የሚወጠረው በ50 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። ጠፍጣፋው ክዳን ግን ጠርዙ ላይ በተራ የመታጠፍ ስሌት ከ2,300 ሜጋ ፓስካል በላይ ይጠየቃል፤ ተራ ብረት 250 ገደማ ላይ እጅ ይሰጣል። ክዳኑ እዚያ ሳይደርስ ያብጣል፣ ማበጡም ጠርዙ ላይ ያለውን ብየዳ ይገነጥላል። ብየዳው የፈለገውን ያህል ቢያምር ይህን ስሌት አይለውጠውም።

ስለዚህ የአየር ታንክ የምታሠሩ ሁሉ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን አትቀበሉ። በማሽን የታጠፈ ጉልላት ይገዛ፣ ቀጥ ያለ ከንፈር ይኑረው፣ ብየዳው ከመታጠፊያው ይራቅ። አየር ከመሞላቱ በፊት በውሃ ተሞልቶ ይፈተሽ፤ ውሃ እምብዛም ስለማይጨመቅ ቢቀደድ እንኳ ያፈስሳል እንጂ ሰው አይጥልም። ጋዝ ስትቀይሩም የሚሰጣችሁን ሲሊንደር መታጠፊያውን ዙሪያውን ዳስሱት፤ እዚያ ላይ የተሰረጎደ ወይም የተጨረመተ ከሆነ መልሱትና ሌላ ጠይቁ።